ሁለት ጣት ከፍ ያለ ወንበር

ወንድሜን የሰፈሩ ሰው ሜትሬ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ወንበር ሠርቶ ሲጨርስ ሜትር አያነሳም፤ ቁጭ ይልበታል። ሁለት እግሩን ወለሉ ላይ አስተካክሎ፣ ጭኑን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ካደላደለ በኋላ፣ የቀኝ የኋላው እግር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይረዝማል ይላል። ሜትር አምጥተን ስንለካ እንዳለው ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮም በእንጨት ቤቱ አብሬው ሠርቻለሁ። ዛሬ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ አናቴ ላይ አንድ ፀጉር ሳይቀር፣ የሚጠራኝ "ትንሹ" ብሎ ነው።

ሕመሙ የጀመረው በወገቡ ነው። ከመኪና ላይ ጣውላ ስናወርድ ቀጥ ብሎ ቆመና ላብ አጠመቀው። አናጺ ወገቡን ቢያመው ማን ይደነግጣል? እሱ ራሱ፣ ወገቡን አሞት የማያውቅ አናጺ ሰርቆ አዳሪ ነው ብሎ ቀለደበት። ሦስት ወር በቅባትና በኪኒን አለፈ። በዚያ መሀል ሱሪው ሰፋው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ከቤቱ እስከ እንጨት ቤቱ ያለችውን አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ እያረፈ ይመጣ ጀመር። በመጨረሻ ሚስቱ፣ እትዬ፣ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው። ደሙንና ሽንቱን መረመሩ፣ ከዳሌው አጥንት መቅኒ ቀዱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም የመቅኒ ካንሰር ነው አሉን።

ሐኪሙ ራጁን አሳየን። አከርካሪው ላይ ሁለት አጥንቶች ተጨፍልቀዋል፤ የቀሩትም ምስጥ እንደገባበት ጣውላ ተበሳስተዋል። ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና፣ እንዲህ ያለውን እንጨት እኔ ብሆን በነጻም አልወስደውም አለ። ሐኪሙ ለመሳቅ አመነታ።

ከዚያ ሁለቱን መንገድ አስረዳን። አንደኛው ከባዱ ነው። መቅኒውን የሚያበቅሉትን ሕዋሳት ከራሱ ደም ሰብስበው ያስቀምጣሉ፣ በብርቱ መድኃኒት ሕመሙን ያቃጥሉታል፣ ከዚያ የሰበሰቡትን ይመልሱለታል። ለተሳካለት ሰው ብዙ ዓመት ይሰጣል፤ አቅም የሌለውን ግን መድኃኒቱ ራሱ ይገድለዋል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። ሕመሙን ይይዘዋል፣ የሚይዝበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ያጥራል። ዕድሜዎ ስልሳ አንድ ነው፣ ዕድሜ አያስቸግረንም፣ ልብዎም ደህና ነው፤ ጥያቄው ጉልበትዎ ነው አለው።

ጉልበት የሚለካው ደግሞ በወንበር መሆኑን የሰማነው ያን ቀን ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ቀጭን ወጣት ሴት፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስቶ አምስት ጊዜ እንዲቀመጥ ነገረችው። በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ከጨረሰ መልካም ነው። ወንድሜ ሳቀ። "የኔ ልጅ፣ ወንበር እኮ የእኔ ሥራ ነው" አላት። ሁለቴ ተነሳ። በሦስተኛው እጁ ሳያዝዘው ከደረቱ ወርዶ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። እሷም ሰዓቷን አቆመች። የቀሩት ምርመራዎች እስኪደርሱ ሦስት ሳምንት አለን፣ በየቀኑ ጠዋት ይለማመዱ፣ ያኔ እንደገና እናያለን አለችው። ይሄ ብቻውን አይወስንም፣ ሚዛኑን ግን ያጋድለዋል አለችን።

ልምምዱን የጀመርነው እንጨት ቤት ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ነው። ቁመቱ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ እንደ ሆስፒታሉ። እኔ በስልኬ ሰከንድ እይዛለሁ፣ እሱ ይነሳል ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አራት። አራተኛውን ሲነሳ የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ይገተራል። በስድስተኛው ቀን ግን ሁለተኛው ላይ ወደቀ። ወንበሩ ላይ ነው የወደቀው፣ ወለል ላይ አይደለም፤ ጀርባው ከመደገፊያው ሲጋጭ ያወጣውን ድምፅ ግን ረስቼው አላውቅም። "ይብቃ" አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ከዚያ ወንበር አልተነሳም። ቤት ገብቶም ለእትዬ ሆስፒታል የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ አላት። እሷም ደውላ፣ ምን አደረግከው አለችኝ። 

በማግስቱ ሳይመጣ በፊት ወንበሩን ገለበጥኩት። አራት ቁራጭ እንጨት ቆርጬ፣ ከእያንዳንዱ እግር ሥር በኮላ ለጥፌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽቼ፣ ቀለም ቀባሁት። አንድ ጣት የምታህል ከፍታ ናት። ምን አስቤ ነበር? ልቡን ላነሳሳው ነበር ያሰብኩት። ሁለት ሦስት ቀን ደስ ሲለው መልሼ አወርደዋለሁ፣ ያኔ ጉልበቱም ይጠነክራል ብዬ። እንደማይነቃም ራሴን አሳመንኩ፤ በሽተኛ ነው፣ የሕመም ማስታገሻውም ያደነዝዘዋል። ሰው ማመን ለሚፈልገው ነገር ምስክር አያጣም።

መጣና ተቀመጠ። ጭኑን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አደረገ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ "ያዝ" አለኝ፣ ሰከንዱን። አምስት ጊዜ ተነሳ። ሃያ ሁለት ሰከንድ።

ማውረዱ ቀረና ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ጣት ጨመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥራ ስድስት ሆነ፣ አንድ ቀን አሥራ አራት። እትዬ ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎር ጀመረች። እሱም ጠዋት ጠዋት የእንጨት መላጊያውን ያነሳ ጀመር። እኔ ጣውላ ልገዛ ስወጣ የመላጊያው ድምፅ እስከ መንገዱ ይከተለኝ ነበር፤ ያንን እየሰማሁ፣ ደግ ሠራሁ እል ነበር።

የቀጠሮው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ በፈገግታ ተቀበለችን። ወንበሩ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል፤ ባለ ብረት እግር፣ ሰማያዊ መቀመጫ ያለው። ገና ከበሩ ሳየው፣ ዝቅ ብሎ ሳይሆን እውነተኛ ሆኖ ነው የታየኝ። ወንድሜ ወደ እኔ ሳይመለከት ሄዶ ተቀመጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ከንፈሩን ነክሶ እንደምንም ቆመ። ለአራተኛው ወደ ፊት ተወነጨፈ፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ እግሩ ተንቀጠቀጠና ተመልሶ ዘጭ አለ። እንደገና ሞከረ። እሷም ቀስ ብላ ትከሻውን ነካችውና "ይበቃል አባቴ" አለችው።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ኩላሊቱም እንደተጎዳ፣ ከጉልበቱ ጋር ሲደመር ከባዱን መንገድ አሁን ሊሞክሩት እንደማይደፍሩ፣ ሰኞ ቀላሉን ሕክምና እንደሚጀምሩ ተናገረ። ምናልባት ከወራት በኋላ ሰውነቱ ካገገመ ድጋሚ እናያለን አለ፤ "ምናልባት" የምትለዋን ሲናገር ግን ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ያኔ አላስቻለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። ወንበሩን ከፍ ማድረጌን፣ ሁለት ጣት መሆኑን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በውሸት ወንበር እንዳለማመድኩት አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ሌላ ሦስት ሳምንት እንዲሰጠን ለመንኩት። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደድኩ። ሕመሙ ሦስት ሳምንት አይጠብቀንም አለ።

ወንድሜን ማየት ፈራሁ። እሱ ግን ለሐኪሙ፣ "እኔም አውቅ ነበር" አለው።

"ምኑን?"

"ወንበሩን። የመጀመሪያ ቀን ስቀመጥ አውቄዋለሁ። ሁለተኛዋንም ጣት።" ወደ እኔ ዞረ። "ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረኸኝ ሠርተህ፣ አያውቅም ብለህ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ፣ ጋሼ?"

ሥራ ሲያስረዳኝ በሚያወጣው ድምፅ መለሰልኝ። "አሥራ አራት ሰከንድ ብዬ ቤት ስገባ ያቺ ሴት ፊቷ በራ። ሌላ ምን ነበረኝ የምሰጣት?" ከዚያም፣ "ደግሞ እኔም ወደድኩት" አለ።

መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጥኩትና ፊዚዮቴራፒስቷን ተከትዬ ሄድኩ። በትክክለኛው ወንበር ተለማምዶ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።  ጡንቻ የሚጠነክረው በሚጠየቀው ልክ ነው አለችኝ፤ ከፍ ካለ ወንበር መነሳት ትንሽ ነው የሚጠይቀው። ግን አጥንቱም አለ፣ የደም ማነሱም አለ፣ በሦስት ሳምንት ብዙ ሰው አይለወጥም። "ያልፍ ነበር ብልዎት ዋሸሁ፤ አያልፍም ነበር ብልዎትም ዋሸሁ" አለችኝ። ይህንን ይዤ እየኖርኩ ነው።

ከዚያ ቅጽ ሰጠችኝ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚጠይቅ ነው። ቤት ውስጥ ምን እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ እውነቱን ብቻ እንዲሞላ አደራ አለችኝ። "እውነቱን" ስትል ጠበቅ አደረገችው፤ የወንበሩ ውሸት አልጠፋትም።

አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መነጽሩን ስላልያዘ እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ ይመልሳል። መልሱ አራት ዓይነት ነው፤ ከ"ምንም አያስቸግረኝም" እስከ "ጨርሶ አልችልም"።

ደረጃ መውጣት። "አልችልም።"

ከባድ ዕቃ መሸከም። "ዝለለው፣ ራስህ ሙላው።"

ጫማና ልብስ መልበስ። ካልሲውን እትዬ እንደምታደርግለት አውቃለሁ፤ ሸሚዙንም እሷ እንደምታለብሰው አላውቅም ነበር። እጁ ከትከሻው በላይ አይሄድም። እኔ እንዳላይ ገና ጎህ ሲቀድ አልብሳው ነው ወደ እንጨት ቤት የምትልከው።

አልጋ ላይ መገላበጥ። ወር ከሆነው አልጋ ላይ አልተኛም አለ። የሚያድረው ሳሎን፣ ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነው።

የዘወትር ሥራን መሥራት። እዚህ ላይ እኔ ቀድሜው፣ መላጊያውን መያዝ ጀምረህ የለም እንዴ፣ ጥቂት ያስቸግረኛል ልበል አልኩት።

"አንዲት ቁራጭ ጣውላ አለች" አለኝ። "አንተ ስትወጣ እሷን እፍቃታለሁ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ከመንገዱ እስክትታጠፍ። ከዚያ እቀመጣለሁ።" ቅጹን በጣቱ ነካ። "ጻፍ፣ ትንሹ። ጨርሶ አልችልም ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ። በአጠገባችን አንዲት ነርስ ባለ ጎማ ወንበር እየገፋች አለፈች፤ ባዶ ነበር፣ እሱ ግን እስኪርቅ በዓይኑ ተከተለው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መታጠብና ስለ መጸዳዳት ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩለት።  እጁን ዘረጋና ብዕሩን ከእጄ፣ ወረቀቱንም ከጭኔ ወሰደ። የቱ ጋ ነው አለኝ፣ በጣቴ አሳየሁት። እንደ ተማሪ በመዳፉ ከልሎ ምልክት አደረገ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈ፣ ቀስ ብሎ፣ ፊደሎቹ እንደ ድሮው ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ እየተንገዳገዱ። ስንት ቃል እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነበር የማየው።

ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፎ ሰጠኝ። "ለልጅቷ ስጣት። እንዳታነበው።"

መተላለፊያው ረጅም ነው። ወረቀቱን እንደታጠፈ ይዤ ሄድኩ፣ በሩን አንኳኳሁ፣ እንደታጠፈ ሰጠኋት። ተቀብላ ስትከፍተው ዞር አልኩ። ስመለስ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መጥቼ እስካነሳው ይጠብቀኝ ነበር።