የላፕቶፑ ጀርባ

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ለጠላትም አይስጥ! ሉዝቪ ከፍታው ጥቂት እንደሠራች ይግላል፣ ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ታጓራለች፣ ከዚያ ድርግም። ባለፈው ሳምንት ለጃፓን ልጆች በኢንተርኔት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ድርጅት ሲፈትናት፣ ትምህርቱ ሳይጋመስ ጠፋባት። ፈታኟ ደግ ሴት ሆነችና ሌላ ዕድል ሰጠቻት፣ ለሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ከዚያ ወዲያ ግን ልመናም አይሰማም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሆንግ ኮንግ ነው። የሰው ቤት መጥረግ፣ የሰው ልጅ ማሳደግ። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ደላላው ስልኩን አያሳርፍም። ባሏ እንደሆነ ማኒላ ሄዶ ሌላ ጎጆ ቀልሷል፤ እሱን ተዉት። ሉዝቪ ከሄደች የሦስት ዓመቷ ልጇ ማይማይ ከአያቷ ጋር እዚሁ ፊሊፒንስ፣ ከተማቸው ጊምባል መቅረቷ ነው። አያትየዋን፣ የሉዝቪን እናት፣ ቤቱ ሁሉ «ናናይ»፣ እማማ እንደማለት፣ ይላታል፤ ስሟ ኢስካ ነው። ናናይ ራሷ ሉዝቪን ጡት እንዳስጣለች ለሥራ ተሰድዳ ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ስትመለስ ልጅቱ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብላ ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ያንን ቀን ሁለቱም አያነሱትም፤ የረሳው ግን የለም።

ስለዚህ ሉዝቪ ካቻቢቴ አንስታ ተነሳችበት። ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ሆዱን ከፈተችው። ያ ሁሉ አቧራ! ትራስ ይወጣው ነበር። ጠረገች፣ የደረቀውን ቅባት ፍቃ አዲስ ቀባች፣ ከሥሩ እንጨት ደግፋ ከፍ አደረገችው፣ ለራሷ የምትከፍተውን ቬንትሌተር አዞረችበት። ወፍ የለም። በመጨረሻ ገበያ ያለው ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። እዚያማ ጠዋቱን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፤ ቀዝቃዛ፣ ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ።

«እህቴ፣ ይሄ ዕቃ ጤነኛ ነው» አላት ጠጋኙ እየሳቀ። «ይልቅ ቤትሽን አስመርምሪ።»

ሐሙስ ምሳ እንደበሉ ለሙከራ ከፈተችው። ትንሽ ቆየና ድርግም። ሉዝቪ ማይማይ እንዳታያት ብላ ለማልቀስ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ላፕቶፑ የሚቀመጠው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው። ከውጭ ሆና ስታየው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። እንባዋ ዓይኗ ላይ ቀረ። ማይማይ ስትሯሯጥ ላቧን እንዲመጥ ጀርባዋ ላይ የሚደረግላት ትንሽ ፎጣ፣ እጥፍጥፍ ተደርጎ፣ ትኩሱ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ተወትፏል።

«ናናይ!»

ናናይ ካውያዋን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች። «ምነው? እባብ ነው?»

«ይሄን ፎጣ ማነው የወተፈው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው? ጀርባው እንዲያ እየነደደ አንቺ ንፋስ ትለቂበታለሽ። የጋለ ገላ ብርድ ካገኘው ፓስማ ይይዘዋል አይደል? እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጅማት ይኮማተራል፣ ሰው አልጋ ላይ ይወድቃል። ዕቃስ ቢሆን?»

«ዕቃን ፓስማ አይዘውም!»

«በምን አወቅሽ? ይኸው ታሞ የለ!»

«አንቺ እኮ ነሽ አፍነሽ የገደልሽው! የሚተነፍሰው በዚህ ነው፣ በዚህ!» ሉዝቪ ፎጣውን መንጭቃ መሬት ላይ ወረወረችው። «መቼ ነው የምታደርጊው?»

«ከመጀመርሽ በፊት፣ ፀጉርሽን ስታበጥሪ አደርግለታለሁ። ሥራሽን ስትጨርሺ አነሳለታለሁ። ልጅ የሚያዘው እንደዚያ ነው።»

በፓስማ ነገር ናናይ ቀልድ አታውቅም። ልብስ ከተኮሰች እስኪነጋ እጇን ውኃ አታስነካም፤ ላብ ላይ ሆና ዝናብ ከመጣማ የሰው ቤት ገብታ ትቀመጣለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ! ሉዝቪ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ ልታዘንበው ስትል፣ ናናይ ካውያውን አስቀመጠች።

«ያንቺ ጀርባ በላብ ሲርስ ፎጣ ያደረገልሽ ማን እንደነበር አላውቅም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ አልነበርኩም። ይሄ ዕቃ ከልጅሽ እንዳትለዪ ካደረገሽ፣ እንደ ልጅ ልያዘው አልኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ሉዝቪ ፎጣውን ከመሬት አነሳችው። ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። እናቷን ማቀፍ ፈለገች፤ ግን መሐላቸው መስኮት ነበር፣ ሰዓቱም ደርሷል።

ላፕቶፑ አሁንም ይፋጃል። ቬንትሌተሩን እንዳትከፍት፣ ባለፈው ፈታኟ «ጩኸት ይሰማኛል» ብላለች። ናናይ ነገሩን ስትሰማ ዘወር ብላ ሄደች፤ ከሰል የምታቀጣጥልበትን ማርገብገቢያ ይዛ በጓሮ በኩል መጣችና መስኮቱ ሥር ቆመች።

«በይ ጀምሪ። እኔ አለሁ።»

«ፓስማ ይይዘዋል አላልሽም?»

«ይያዘው! ከታመመም ይታመም። አንቺ ብቻ አትሂጂብን።»

ፈታኟ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። እሷ እንደ ጃፓን ሕፃን ሆና ትጠይቃለች፤ ሉዝቪ ታስተምራለች። ከስክሪኑ በላይ የናናይ ፊት ይታያታል፣ በፀሐይ ቀልቶ፣ በላብ ወርዝቶ። እጇ አያርፍም። ጎረቤቷ ፔኒንግ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አየቻት።

«ኢስካ፣ ዓሣው መቼ ይበስላል?»

«እለፊ አንቺ፣ ምላስሽን ነው የምጠብሰው!» አለች ናናይ በሹክሹክታ። ሉዝቪ ሳቋን ዋጠች።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ያገራቸው ዝናብ መቼ ያስጠነቅቃል! የጣራው ታዛ መስኮቱን ሸፈነው እንጂ ናናይን አልሸፈናትም። ገና ካውያ ያስቀመጠች እጅ፣ በላብ የራሰ ጀርባ፣ በላዩ ያ ዶፍ። ሉዝቪ በዓይኗ «ግቢ» አለቻት። ናናይ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዲያውም ጠጋ ብላ ታርገበግብ ጀመር።

«መምህር፣ ዛሬ የአየሩ ጠባይ እንዴት ነው?» አለች ፈታኟ እንደ ሕፃን።

«ዝናብ እየዘነበ ነው» አለች ሉዝቪ። ፈገግ ብላ ነበር፣ የእውነት ፈገግታ። ሁልጊዜ የሚጠፋበት ሰዓት መጣ። አለፈ። መዝሙሩን ዘመሩ፣ ተሰነባበቱ፤ ላፕቶፑ ለብ እንዳለ እየሠራ ነው። ፈታኟ የሕፃን ድምጿን ትታ በራሷ ድምፅ ጥቂት ተናገረች፤ ሉዝቪ ደጋግማ አመሰገነችና ዘጋች።

«ናናይ፣ በቃ፣ አልቋል! ግቢ!»

«ቆይ፣ ገና ትኩስ ነው።»

«ወሰዱኝ። ሰኞ ልጀምር ነው።»

የናናይ እጅ ቆመ። ውኃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። «ምን ማለት ነው?»

«አልሄድም ማለት ነው።»

ናናይ ኢስካ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ማርገብገቢያዋን ታቅፋ፣ ዝናቡ እየወረደባት፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሉዝቪ በመስኮቱ ዘላ ወጥታ አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠችና አቀፈቻት።

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አለች ናናይ።

«አልሄድም።»

«እስቲ እንደገና።»