አራተኛው ጎማ

ደንበኞቼ «ፕሮፌሰር» ይሉኛል። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስሙን ያመጣብኝ አፌ ነው። ጋራዤ ውስጥ የምሠራው የአንድ የኮሪያ ፋብሪካ መኪናዎችን ብቻ ነው፤ ያንን ፋብሪካ ሰው ሲያማብኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ሚስቴ «አባትህን የሰደቡብህ ነው የምትመስለው» ትለኛለች። አባቴን ቢሰድቡት እንኳ ይህን ያህል አልቆጣም፤ አባቴ ስድብ የሚገባው ሰው ነበር።

የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የልጄን መኪና እየሠራሁ ነበር። ልጄ ነርስ ናት። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለ ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ በየቀኑ ትወርዳለች፤ ያን ሰሞን የማታ ተረኛ ነበረች። መኪናዋን መርጬ ያስገዛኋት እኔ ነኝ፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ያገለገለች። እናቷ ገና ስታያት ፊቷን አጠቆረች። «ይሄ ቆርቆሮ ልጄን ገደል ቢከትብኝ አንተን ነው የምጠይቀው» አለችኝ። «ግድ የለሽም፣ በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት። አፍ ሲናገር አይከብደውም።

የፊት ጎማዎቿ ስለተበሉ ከኋላዎቹ ጋር ማቀያየር ነበረብኝ። አሠራሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ሳለች ብሎኖቹን በእጄ እያሽከረከርኩ አስገባለሁ። መሬት ስትይዝ በመፍቻ፣ ብረቱ እስኪያቃስት ድረስ አጠብቃለሁ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ በማትጠፋው ጠመኔ ጎማው ላይ አንድ ጊዜ ጫር አደርጋለሁ። ጠመኔ ያለበት ጎማ ያለቀ ጎማ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት እንዲህ ነው፣ ልጄም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ሦስቱን ጨርሼ አራተኛው ጎማ ጋ፣ ከሾፌሩ ፊት ያለው ጋ፣ ቁጢጥ ብዬ መፍቻውን እንዳነሳሁ ነገር መጣ። ነገሩን ያመጣው «ሬዲዮ» የምንለው የታክሲ ሹፌር ነው። ዘይት ሊያስቀይር መጥቶ አግዳሚው ላይ ተጎልቶ፣ የዚህ መኪና ባለቤቶች ሐሳባቸውን የሚጽፉበትን ግሩፕ ከስልኩ ጮክ ብሎ ያነባል።

«ስማማ ፕሮፌሰር፣ አንዱ ‹በሩን ስዘጋው ባልዲ የወደቀ ይመስለኛል› ይላል።»

«የድሮውን ሞዴል ነው። እለፈው።»

«አንዷ ደግሞ ‹ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ነዳሁት፤ ባሌ ሁለቴ ሆስፒታል ሲተኛ እሱ አንድ ቀን አላመመውም› ትላለች።»

«እሷን ተባረኪ በልልኝ።»

«ቆይ ቆይ፣ ይቺን ሳትሰማ! ‹ትናንት ብስክሌት ሲጠግን የነበረ ፋብሪካ፣ ዛሬ መኪና ሠራሁ ቢል ማን ያምነዋል?›»

ይሄኔ ተነሳሁ። መፍቻውን የጋራዡ የብረት በር ላይ አስደግፌ ጠመኔዬን ከኪሴ መዘዝኩ።

«ሲጠግን አይደለም፣ ሲሠራ!» አልኩት። «ነገርየው የጀመረው ከብረት ቱቦና ከብስክሌት ዕቃ ነው፤ በኋላ ራሱን ብስክሌቱን ሠሩ። ያውም ጦርነት አገራቸውን አመድ ባደረገበት ጊዜ።» በሩ ላይ ብስክሌት ሣልኩለት። «ቀጥሎ ሞተር ብስክሌት። ቀጥሎ ባለሦስት እግር የጭነት መኪና፣ ይኸው።» እሱንም ሣልኩ። «በመጨረሻ መኪና! አንተ በዳዴ ሳትሄድ ነው የሮጥከው?»

«እሺ፣ በኋላ ከስረው የለ እንዴ?»

«ከሰሩ! ተቀናቃኛቸው ገዛቸው። አለቀላቸው ሲባል ተነስተው ማንም ያልደፈረውን ረጅም ዋስትና ሰጡ። ወድቆ የተነሳ ሰው ነው ጎበዝ የሚባለው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ሬዲዮ በሩን እያየ። «ግን ብስክሌቱን ለምን ፍየል አስመሰልከው?»

ሳቅን። እኔም እየሳቅኩ፣ ጠመኔዋን እንደያዝኩ ተመልሼ ጎንበስ አልኩና አራተኛው ጎማ ላይ ጫር አደረግኩ። የቸርኬውን የፕላስቲክ ክዳንም በመዳፌ መትቼ አስገባሁት። ልጄ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየተጣደፈች ደረሰች።

«አባዬ፣ አለቀ?»

«አለቀ የኔ ልጅ። ጠመኔውን አታይም?»

ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ከዚያ የሬዲዮን ዘይት ቀየርኩለት። ግማሽ ሰዓት ያህል አልፏል። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል የጎማ መፍቻው ከቦታው የለም። ከታክሲው ሥር ፈለግኩ፣ ከአግዳሚው ሥር ፈለግኩ። ቀና ስል በሩ ላይ፣ ከብስክሌቱ ሥዕል ሥር፣ እንዳስደገፍኩት ቆሟል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። ለሬዲዮ የፋብሪካውን ታሪክ ልነግረው ስነሳ ነው እዚያ ያስደገፍኩት። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁትም። ያን ጎማ የያዙት በጣቴ ያስገባኋቸው አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ ልጄ ደግሞ በእነሱ ላይ ቁልቁለቱን ልትወርድ ሄዳለች።

ፈራሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፣ እንዲህ ያለውን ግን አላውቀውም። ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሳም። እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ «መሪ ይዘሽ ስልክ ካነሳሽ ልጄ አይደለሽም» ብዬ ያስማልኳት እኔው ነኝ። ደግሜ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል የምትለዋ ሴትዮ መጣች።

«ምን ሆንክ? አመድ መሰልክ እኮ» አለኝ ሬዲዮ።

«አራተኛውን አላጠበቅኩትም።»

እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተና መፍቻውን አየ። ዘወር ብሎ በሩን አየ። «ግባ» ብቻ አለኝ። መፍቻውን ይዤ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።

ታክሲው የዚያው ፋብሪካ ልጅ ነው፣ አሮጌው ሞዴል፣ በሩ እንደ ባልዲ የሚጮኸው። ሬዲዮ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ከከተማው እስክንወጣ ጥሩምባውን አልለቀቀም። እኔ ከፊት ለፊቴ ያለውን ነጭ መኪና ሁሉ የእሷ እያደረግኩ፣ ስንደርስበት የሌላ እየሆነብኝ፣ ወንበሩን ጨብጬ ተቀምጫለሁ።

«በእጅ ብቻ የተሽከረከረ ብሎን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» አለኝ ሬዲዮ።

«ሜዳ ላይ ከሆነ...» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ሜዳው ላይ ቀስ እያለ ይላላል፤ ቁልቁለቱ ላይ፣ ፍሬን በተያዘና ኩርባ በተዞረ ቁጥር፣ ይወጣል። የፊት ጎማ ነው። የሾፌሩ ጎን ነው። ስትወርድ ገደሉ ያለው በዚያው በኩል ነው።

ስለ እናቷ አሰብኩ። ቤት ገብቼ ምን ብዬ በሩን እንደማንኳኳ አሰብኩ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የምትለዋን ነገር ሚስቴ ትወዳታለች፣ እኔ ሁልጊዜ አፏን አስይዛት ነበር። ያን ቀን ግን ተረቷ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች።

ቁልቁለቱ ጀመረ። በመጀመሪያው ኩርባ ምንም የለም። በሁለተኛው ኩርባ አስፋልቱ ዳር አንድ ክብ ነገር አብረቀረቀ። «አቁም!» አልኩ። ወርጄ አነሳሁት። የቸርኬ ክዳን ነው፣ ፕላስቲክ፣ የፋብሪካው ምልክት መሐሉ ላይ ያለበት። ከአንድ ሰዓት በፊት በመዳፌ መትቼ ያስገባሁት ነው። እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነስ» አለኝ ሬዲዮ ብብቴን ይዞ። «ተነስ እንጂ! ክዳን ነው፣ መኪና አይደለም። ገደሉንም አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም።»

ቀስ ብለን ወረድን። እሱ መንገዱን ያያል፣ እኔ ገደሉን። ሦስተኛው ኩርባ፣ አራተኛው። እያንዳንዱን ድንጋይ ነጭ መኪና አደረግኩት። አምስተኛውን ስንዞር አየኋት።

መኪናዋ ከገደሉ መከላከያ ድንጋይ አንድ ክንድ ርቃ፣ በአፍንጫዋ ዘምበል ብላ ቆማለች። ልጄ ከኋላ በኩል መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። በሕይወት አለች። ሮጬ ሄድኩና ያዝኳት፤ ፊቷን፣ ክንዷን፣ ራሷን ዳበስኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ሬዲዮ ፊት መሆኔንም ረሳሁት።

«አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?» አለች። «መሪው ተርገፈገፈብኝ። ከዚያ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ሰማሁ። ፍሬን ስይዝ ወደዚያ ወደ ገደሉ ጎተተኝ። ልደውልልህ ስል ስልኬ ባትሪ ጨርሷል።»

ጎማውን አየሁት። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ የሉም። ሦስተኛው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዷ ብሎን ናት ልጄን ያኖረችልኝ።

«እናቴ እውነቷን ነው» አለች ልጄ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «መኪናው ነው። ይሄ ፋብሪካ የማይረባ ነው አባዬ፣ አትከራከረኝ። አንተ አጥብቀኸዋል፣ ጠመኔውም ይኸው አለበት። አንተ ያጠበቅከው ከወለቀ ጥፋቱ የብረቱ ነው። ግሩፑ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይገዛ።»

ሬዲዮ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። እውነቱን ልናገር፤ ልስማማላት ፈልጌ ነበር። «እነዚህ ኮሪያዎች!» ብል አንድ ቃል ነው፣ ሁሉም ያልቃል። ልጄ እንደ ድሮው ታየኛለች፣ ሚስቴም የምትረግመው ፋብሪካውን ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቃ የቆምኩለት ፋብሪካ ይቺን አንድ ቀን ቢሸከምልኝ ምን ይለዋል? ሞቷን ከፈራሁት የማያንስ ፍርሃት ነው፣ ልጄ ፊት ትንሽ የመሆን ፍርሃት።

«ፋብሪካው አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

አልገባትም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ግሩፑን፣ ብስክሌቱን፣ ባለሦስት እግሩን፣ በሩ ላይ የቀረውን መፍቻ። ሳላጠብቅ ጠመኔ እንዳደረግኩበት ስነግራት እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች። ጮኻ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አልሰደበችኝም። በሽተኛን በምትጠይቅበት ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«ምኑ?»

«ታሪኩን የምትናገረው፣ አባዬ። ዛሬ ብቻ ነው የተናገርከው?»

ታሪኩን በየቀኑ ነው የምናገረው። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ እናገረዋለሁ። በሩ በጠመኔ ነጥቶ በየሳምንቱ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። ስንቴ መሐል ላይ ተነስቼ፣ ስንቴ ጠመኔ ይዤ ወደ ጎማ እንደተመለስኩ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንዱም አይመጣልኝም። እጄ የሠራውን አላውቀውም።

ሬዲዮ መፍቻውን ከታክሲው አወጣ። ባለፈው ማክሰኞ የታክሲውን የፍሬን ሸራ የቀየርኩለት እኔ ነኝ፤ አራቱንም ጎማ ፈትቼ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሰው ጭኖበታል፣ አሁን ደግሞ በዚያ ፍጥነት ይዞኝ ወርዷል። ከፊት ጀመረ። የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ዞሮ ከኋላ በግራ በኩል ተንበረከከ። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ ጫን ሲለው፣ ብሎኑ ያለ ምንም ድምፅ ግማሽ ዙር ዞረ።

ቀና ብሎ አላየኝም። ብሎኑን አጠበቀና ወደሚቀጥለው አለፈ።

ልጄ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። «ስልክህን አውጣ» አለችኝ። «ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማን ማን መጥቷል?»

የዳቦ ቤቱ መኪና። የጥርስ ሐኪሟ። አማቹን ጭኖ የመጣው መሐንዲስ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የተማሪዎች ሰርቪስ። የሰርቪሱ ሹፌር ታሪኩን ከሁሉም አብልጦ የሚወድልኝ ሰው ነው፤ «ስለ ባለሦስት እግሩ ድገምልኝ» ያለኝ እሱ ነው፣ እኔም ደግሜለታለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ትምህርት ቤት የተለቀቀበት ሰዓት ነው። ቁጥሩን እየተሳሳትኩ ሦስቴ ነካካሁት። ልጄ ስልኩን ወስዳ ደወለችልኝና ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

አነሳው። ከኋላው የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«ፕሮፌሰር!» አለኝ እየሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ምን ልታስተምረን ነው?»

«አቁም» አልኩት። «ባለህበት አቁምና ልጆቹን አውርዳቸው።»