ቀኝ ጉንጭ

አሥራ አራቱን ገጾች በትናንሽ ሣጥኖች ነድፌ ሳሎን ግድግዳ ላይ በተርታ ለጠፍኳቸው። ታሪኩ አጭር ነው፤ አንዲት ልጅ የጠፋ ድመቷን ፍለጋ ሰፈሩን ስታስስ ትውላለች። ልጅቷ የኔዋ ናት፣ የሰባት ዓመቷ።

ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው።

«እማዬ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች።

«እንዴት?»

«ጠባሳዬስ?»

«አለ እኮ፤ በግራ ጉንጭሽ በኩል ስለሆነ ነው የማይታየው።»

«የኔ በቀኝ ነው!»

አፈርኩ። በሥዕል መጽሐፍ ሰው የሚራመደው ንባቡ ወደሚሄድበት፣ ወደ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ለአንባቢ የሚታየው ቀኝ ጉንጩ ነው። በሁለት ዓመቷ የፈላ ውሃ የነካውን ጉንጭ፣ እጄ ሳላዘው ወደማይታየው ጎን አሽሽቶታል። እናት ተብዬ! ላጲሴን አነሳሁና አሥራ አራቱንም እንደ አዲስ ሣልኳቸው።

በሳምንቱ ለአሳታሚው ይዤ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው፣ ለሰው ማሰብ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ገጾቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው ብዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ግሩም ነው። ይህችን ጠባሳ ብቻ ወደ ግራ ጉንጭ አሻግሪያት። ታሪኩ እንደሆነ ምንም አይጎድልበትም።»

«ለምን?»

«ሕፃናት ይደነግጣሉ። ወላጅ ከመደርደሪያ አያነሳውም። እንዲህ ሆኖ ደግሞ እኔም አላትመውም። በሞቴ እልህ አትጋቢ፤ ከመሞት መሰንበት ይሻላል።»

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት እንደሆነና ሌላ አሳታሚ እንደሌለኝ አሳምረው ያውቃሉ።

«እኔም መጀመሪያ ደብቄው ነበር፤ ያሳፈረችኝ ራሷ ልጄ ናት። በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ ነው ጸጉሯን የምታበጥረው፤ አንድም ቀን አልደነገጠችም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«እርሳስና ላጲስ ያውሱኝ።»

ልጅቷ ድመቷን አቅፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቤት የምትገባበትን የመጨረሻውን ገጽ ሳብኩ። ዓይናቸው እያየ ጀርባዋን አጠፋሁት። በምትኩ ፊቷን ገጹን እስኪሞላ አሳድጌ፣ ጠባሳውን ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ፣ አንዲት መስመር ሳልቀንስ ሣልኩት። ስጨርስ ገጹን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«ይህን አላትምም ካሉ ለእኔ አይንገሩኝ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዣት እመጣለሁ፤ ፊቷን እያዩ ለራሷ ይንገሯት።»