ጣውንቷን ያጠበች ሴት

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስልሳ ሰው ከኋላው ሲጮህበት ኖሮ፣ በስተርጅናው ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ገዛ። «ከእንግዲህ ከኋላዬ ሆኖ ወራጅ አለ የሚለኝ የለም» ይል ነበር፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሚስቱ የሰው ልብስ ስትተኩስ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። መኪናዋን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት።

«ጣውንቴ እንዴት አደረች?»

«ደህና አድራለች። ነይና ተቀመጪባት እንጂ።»

«ቀሚሴን ቅባት ላስነካ? ሞቼ እገኛለሁ።»

እንዲህ እየተባባሉ ስድስት ወር አለፈ።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ጣውንቲቱ ታመመች። ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ትን ይለዋል። ባልየው ቤንዚኑን ቀየረ፣ ባትሪውን ፈትቶ አሰረ፣ ሰደባት፣ መልሶ አባበላት። ወይ ፍንክች። ጋራዥ ያለው የልጃቸው ባል መጥቶ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «አባባ፣ ይቺ አርጅታለች። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልተሻላት ጎትቼ ልውሰድና ለመለዋወጫ ትፈታ። እርስዎም ወገብዎ ይረፍ» አለ። ሽማግሌው እልህ ያዘውና «እሺ፣ ቃሌ ነው» አለ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሚስትየው መስኮቱ ሥር ሸሚዝ እየተኮሰች ታየዋለች። ኮፈኑ ሥር አንገቱን ቀብሮ ዝም ብሏል። ዝምታው ነው የከበዳት፤ ምክንያቱም በሽታውን የምታውቀው እሷ ናት። ሰኞ ዕለት እሱ ዓይኑን ሊታይ ሲሄድ፣ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን በሳሙና ፈትጋ፣ በውሃ ጎማ አለቅልቃው ነበር። ንጹሕ ከሆነች አንድ ቀን ብቀመጥባት ምን አለበት ብላ። እሱም ተመልሶ ሲያይ «ይሄ ሐኪም ጎበዝ ነው፣ ሞተሩ ሁሉ አበራልኝ» ብሎ ዓይኑን ያየለትን ሐኪም አመሰገነ።

አሁን ብትናገር፣ ስድስት ወር ስታሽሟጥጣት የከረመችውን ጣውንት በገዛ እጇ ማጠቧ ሊወጣ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የሰውየው ደስታ በገመድ ተጎትቶ ሊሄድ ነው።

ጣቷን በውሃ ነክራ ካውያውን ነካ አደረገችው። ቸስ አለ። ወዲያው የውሃውን ኩባያ ይዛ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አስነሳት።»

«ምን ልታደርጊያት?»

«ልተኩሳት።»

አስነሳት። ጥቂት ቆይታ፣ ከሞተሩ ጎን በሚወጡት አራት የጭስ ቧንቧዎች ላይ በየተራ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገች። አንደኛው ቸስ። ሁለተኛው ቸስ። ሦስተኛው ላይ ውሃው እንደ እንባ ተንከባሎ ወረደ። አራተኛው ቸስ።

«ይሄኛው እሳት የለውም። ካውያ ቢሆን ሶኬቱን ነበር የማየው።»

ባልየው ሞተሩን አጥፍቶ እሳት ከሚለኩሰው ከሦስተኛው ካንዴላ ላይ ገመዱን ነቀለ። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ አቁሯል፤ ላዩ ላይ አረፋ አለ። ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ዝናብ ይሆናላ።»

«ሎሚ ሎሚ የሚሸት ዝናብ?»

«ዘንድሮ ምን የማይሸት ነገር አለ» አለች፣ ኩባያዋን እያየች።

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው እንደ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁን ነው እንዲያ የሚታገለው። ውሃውን በጨርቅ መጥጦ አወጣ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ጠራረገ፤ እሷ በካውያ እያሞቀች ባቀበለችው ጨርቅ የገመዱን ጫፍ አደረቀና ሁሉንም መልሶ ገጠመ። ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ወተት እንደጠጣች ድመት አንድ ወጥ ድምፅ አሰማች።

የልጃቸው ባል የመጎተቻ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከች አለ።

«አባባ! ምን ሆና ነው?»

ሚስትየው ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ዝናብ ገብቶባት» አለ ሽማግሌው።

አማችየው ሁለት ወር ጠብ ያላለበትን ሰማይ ቀና ብሎ አየ። ገመዱን ከትከሻው አወረደ።

ሽማግሌው የወዲያኛውን በር ከፈተላት። እሷም የተተኮሰ ፎጣ አምጥታ ወንበሩ ላይ አነጠፈች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ተቀመጠች። ከግቢው ወጥተው የመጀመሪያው ማዕዘን ጋ ሲደርሱ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣

«ወራጅ አለ» አለች።

ሰውየው እንዳልሰማ ሆኖ ነዳጁን ረገጠው።