ግራሩ የቀዳው ውሃ

ዶላሞ መጥረቢያውን ስሎ ይጠብቅ ነበር። አርቦሬ ካለው የማሽላ ማሳው መካከል አንድ ትልቅ ግራር ቆሟል። «ውሃዬን ይጠጣል» ይላል ስለ ዛፉ። ፀዳለ ከጂንካ መጥታ መሣሪያዎቿን እንድትቀብር የፈቀደላት በአንድ ውል ነው፤ ግራሩ የማሽላውን ውሃ ይሻማ እንደሆነ የወይጦ ወንዝ ጎርፍ መጥቶ የዘር ጊዜ ሳይደርስ ልትነግረው። ከተሻማ ይቆረጣል።

ፀዳለ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ የአፈር ውሃንና የዕፅዋትን ሥር ታጠናለች። ሳትለካ አትናገርም፤ ደግማ ካልለካችም አታምንም። እርጥበት የሚያነቡ ዘንጎች ከግራሩ ሥር፣ ለማነጻጸሪያም ሌሎችን ራቅ ካለው ገላጣ ማሳ ላይ ቀበረች። መሣሪያውን እንዲጠብቁላት ከቀይ አፈር ከተማ ጋሽ ሐቢብ የሚባሉ ሽማግሌ ቀጥራ ተመለሰች።

የካቲት ላይ መጥታ የተመዘገበውን ላፕቶፗ ላይ ስትከፍት ግንባሯን ቋጠረች። ሰማዩ ጠብ አላደረገም። ከግራሩ ሥር ያለው የላይኛው አፈር ግን ቀን ሲደርቅ ይውልና ሌሊቱን እየረጠበ ሄዶ፣ ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ሰዓት የበለጠ ይርሳል። በማግስቱም እንደዚያው። ጤዛ ነው እንዳትል፣ ገላጣው ማሳ ላይ ያሉት ዘንጎች ንቅንቅ አላሉም።

ቀና ስትል የጋሽ ሐቢብን ማንቆርቆሪያ ከግንዱ ተደግፎ አየችው።

«ጋሽ ሐቢብ፣ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ የሚያደርጉት የት ነው?»

«እዚሁ ጥላው ሥር ነዋ። ምነው?»

«መሣሪያዬ ላይ!»

«ዶክተር፣ እግሬን ታጠብኩ እንጂ መስኖ አልጠለፍኩም።»

«ለመሣሪያው ያው ነው። የእርስዎን እግር ስለካ ነው የከረምኩት!»

በርኮታ በሚሏት ትንሽ የእንጨት መቀመጫው ላይ ያለው ዶላሞ ሳቁ አመለጠው። «የሐቢብ እግር ማሽላ ያበቅላል እንዴ?»

ሽማግሌው ቅር አላቸው። «ግድ የለም። ውሃ ከታጣ ለሶላት በአፈርም መታጠብ ይፈቀዳል፤ እዚህ ግን አፈሩም የእርስዎ ሆኗል» ብለው ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው ማሳውን ተሻገሩ።

ፀዳለ ግራሩን በእሾህ አሳጠረችና ዲመካ ከተማ ከረመች። በመጋቢት ስትመለስ አጥሩ እንዳለ ነው፤ የፍየል ኮቴ እንኳ አልገባበትም። መዝገቡን ከፈተች። አፈሩ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ረጥቧል።

ላፕቶፗን ከደነች። ከዚያ ተነሥታ ሽማግሌው ወዳሉበት ማሳውን ተሻገረች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ሐቢብ። እግርዎ የለበትም።»

«እኔማ ተናግሬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!» አሉ። ይቅር ማለታቸው ግን ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ዶላሞ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። «ደጋው ዘንቧል። ጎርፉ ቅርብ ነው። ንገሪኝ።»

«ጠዋት ቆፍሬ አይቼ።»

በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከግንዱ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፈረች። ግድግዳውን በእጇ በቀስታ ትገፍፈው ጀመር። የላይኛው አፈር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች እየተሳሰሩ አፈሩን ከነእርጥበቱ አቅፈውታል። ከዚያ በታች ያለው እንደ አመድ ደረቅ ሆኖ በጣቷ መሃል ፈሰሰ። ቁፋሮው ደረቷ ድረስ ደረሰ፤ አሁንም አመድ ነው። በደረቁ መሃል ግን አንድ ወፍራም ሥር ቀጥ ብሎ ወርዶ እሷ ልትደርስበት ወደማትችለው ጥልቅ ይገባል።

ውሃው በአፈሩ ውስጥ ተስቦ ወጥቶ ቢሆን መሃሉም በረጠበ ነበር። መሃሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ሥሩ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ከመጻሕፍት ታውቃለች፤ በእጇ የነካችው ግን ገና ዛሬ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ድምፅ የሌለው ይህ እንጨት ከምድር ሆድ ውሃ ሲቀዳ ያድር ነበር።

«ቀን ለቅጠሉ ይጠጣል» አለች ለዶላሞ። «ሌሊት ቅጠሉ ሲያርፍ ደግሞ ከታች የቀዳውን እዚህ ላይ ያፈሳል።»

«ለማን?»

«ላዩ ደረቅ ስለሆነ ይስበዋል» አለች። እውነት ነው፤ ሊለካም ይችላል። ሆኖም የጠየቃት ይህን እንዳልሆነ ገባት።

«እንግዲያ አይሻማም?»

መጥረቢያውን አየች። አይሻማም ማለት ቀላል ነበር። «አላውቅም። ይወስዳልም፣ ያመጣልም። የቱ እንደሚበልጥ የምናውቀው ከጎኑ ዘርተህ ስንለካ ነው። ከተቆረጠ ግን መቼም አናውቅም።»

ዶላሞ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ መዳፉን እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፈ። እጁን ቶሎ አላነሣም። ጋሽ ሐቢብም ከላይ አጎንብሰው አዩ።

«ሱብሓን አላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ከእኔ ቀድሞ ይነሣ ኖሯል።»

ዶላሞ ወጥቶ መጥረቢያውን አነሣና ወደ ግራሩ አቅጣጫ ተራመደ። ፀዳለ ዓይኗን ጨፈነች። የመጥረቢያው ድምፅ የመጣው ከማሳው ዳር ካለው የእሾህ ቁጥቋጦ ነበር። እሾኩን እየጎተተ መጥቶ ፍየል ገብቶ ሥሩን እንዳይሰብረው የጉድጓዱን አፍ ያጥር ጀመር።