በሬዲዮ የማይሰማ ፊደል

ሳላኒዬታ ከአለቃዋ ከዲኔሽ ጋር ሁለት ወር ሙሉ የተነታረከችው በፊደል ውፍረት ነው። የደሴቶቹ ዋና ከተማ ሱቫ ላይ ያለው ትንሽ መሥሪያ ቤታቸው ለየደሴቱ ጤና ኬላ የመድኃኒት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርቷል፤ የአጠቃቀም መመሪያውን የምትጽፈው እሷ ናት። ነርሱ የሚጽፈው በደማቅ ፊደል፣ ኮምፒውተሩ የሚለው ደግሞ ዘመም ባለ ፊደል ይሁን ብላ ሙጭጭ አለች፤ በመጨረሻም ረታች። ይህን ደንብ የሚያስረዳውን የመጀመሪያውን ገጽ እንደ በኩር ልጅ ነበር የምትሳሳለት። መመሪያው ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ሰኞ ዕለት፣ ለሙከራ በመርከብ የላከችው አንድ ቅጂ እንዴት እንደሆነ ልትጠይቅ ከደሴቶቹ ጋር ወደሚነጋገሩበት የሬዲዮ ክፍል ሄደች። ቅጂው የደረሰው ኢላይቲያ የሚባል በዕድሜ የገፋ ነርስ ዘንድ ነው። የሬዲዮ ሠራተኛዋ፣ ሰውዬው እያስተማረ ስለሆነ ጠብቂ አለቻት። ለካ ያቺኑ አንድ ቅጂ ይዞ በሌሎች ደሴቶች ላሉ ሦስት ነርሶች በሬዲዮ እያነበበላቸው ኖሯል፤ እነሱም በደብተር ይገለብጣሉ።

ሳላኒዬታ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ደማቁም ዘመም ያለውም በአንድ ድምፅ ይወጣል። አንዲት ነርስ አቋርጣ፣ የምጽፈው የቱን ነው ስትል ጠየቀች። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ የሚጠይቀውን «ሁሉም ይሰረዝ?» የሚል ጥያቄ የሚጻፍ ትእዛዝ መስሏት ገልብጣ፣ ያንኑ ስትጽፍ የወሩን የመድኃኒት መዝገብ ድራሹን አጥፍታለች። ኢላይቲያም ከእንግዲህ የሚጻፈው ላይ ስደርስ ጠረጴዛ አንኳኳለሁ ብሏት ንባቡን ቀጠለ። ሳላኒዬታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሲጨርስ መነጋገሪያውን ተቀበለች። የእሷና የእሱ ደሴት ሰዎች ከአንድ አባት ነን ስለሚሉ፣ ሲገናኙ መዘላለፍ ወጋቸው ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ መጽሐፌን ከበሮ አደረግከው አይደል?» አለችው።

«ምን ላድርግ እመቤቴ፤ እናንተ ድሮም ለዓይን ነው የምትሠሩት። እኛ ደግሞ ያለን ጆሮ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከሁሉ ያስቸገረህ የቱ ገጽ ነው ብላ ጠየቀችው።

«የመጀመሪያው። አነበብኩላቸው፣ ማንም አልገባውም፣ ዘለልኩት። እሱ እኮ የሚያወራው ስለ ፊደልሽ ነው። ሌላው ስለ እኛ ነው።»

ከፋት፤ እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይብስ ከፋት።

ማክሰኞና ረቡዕ ከወንበሯ ሳትነሳ እያንዳንዱን መስመር «ይጻፉ» ወይም «ኮምፒውተሩ ይጠይቃል» በሚል ቃል አስጀመረችው። ዲኔሽ አይቶ ገጹ አስቀያሚ ሆኗል አለ። ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችውና ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። የቱን ነው የምጽፈው ብሎ አንዴም አልጠየቃትም።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን ገጽ በገዛ እጇ ከመመሪያው አወጣችው። ሁለት ወሯም አብሮት ሄደ።