ከጥጡ ሥር

ደሙ ከራስ ቅሉ ወለል ሽቅብ ሞላ። የሚፈናጠር አልነበረም፤ ጥቁር፣ ድምፅ ሳያሰማ ከሥር የሚመጣ፣ የከፈቱትን ጠባብ ጉድጓድ ባንዴ የሚውጥ ደም ነው። ቀዶ ሐኪሟ እርጥብ ጥጥ አስገብታ በመምጠጫው ጫፍ ቀስ አድርጋ ያዘችው።

«ጭንቅላቷን ከፍ አድርግልኝ።»

የማደንዘዣ ባለሙያው አልጋውን ከፍ አደረገ። «የምንሰጣት ደም ከባንክ እየመጣ ነው። አንቺ ብቻ ያዢልኝ፣ እህቴ።»

ከጎኗ የቆሙት የክፍሉ አለቃ ናቸው፤ ይህን ሥራ ያስተማሯትም እሳቸው። «ይቺ የዕጢ ቁራጭ ደም ሥሩ ላይ ተጣብቃለች፣ እንተዋት» ብላቸው ነበር። «ፈሪ!» ብለው ስቀው ጎተቷት። ዕጢዋ አልመጣችም፤ ደሙ መጣ።

«ጥጡን አንሺውና ልየው» አሉ አሁን።

«አላነሳም።»

«አንቺ ልጅ! ማንን ነው የምታናግሪው? ውጪልኝ ከዚህ!»

«እወጣለሁ። ጥጡን ማን ይያዘው?»

አለቃው ጥጡን አዩ፤ እጃቸውን ግን አላስገቡም።

ንዴቱ ወደ ክንዷ ወረደ። ስንት ዓመት የዋጠችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ደረሰ። ግን ከጥጡ አጠገብ የዓይን ነርቭ አለ፤ ጠበቅ ብታደርገው አልጋው ላይ የተኛችው ታካሚ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከእንግዲህ መርፌ ውስጥ ክር አታስገባም። ላላ ብታደርገው ደግሞ ጭራሽ አትነቃም። ጠዋት ሴትዮዋ፣ «ስፌቱን ለእኔ ብትተዉልኝ ይሻል ነበር፤ የእናንተን እጅ ማን ያምናል!» ብላ አስቃቸዋለች። ሐኪሟ ንዴቷን ክርኗ ላይ አስቆመችው። ወደ ጣቶቿ አላሳለፈችውም።

ቆየች። ክንዷ ደነዘዘ። በመጨረሻ ለብ ያለውን ውሃ አንጠባጥባ ጥጡን ከጠርዙ ላጥ አደረገችው። መጣላት። ውሃው አልደፈረሰም፤ ደሙ ቆሟል።

«እሰይ የኔ እህት!» አለ የማደንዘዣ ባለሙያው።

በጠራው ውሃ ውስጥ፣ የምስር ፍሬ የምታህለው ዕጢ ከደም ሥሩ ጋር እንደተለጠፈች ትታያለች። አለቃውም አዩዋት።

«እሷን ብቻ» አሉ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። ለነርሷ እጃቸውን ዘረጉ። «መቆንጠጫ።»

ነርሷ መቆንጠጫውን አነሳችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሲስተር፣ መዝጊያ ክር፤ ዕጢዋ ትቆይ» አለች ሐኪሟ። እሷም እጇን ከእጃቸው ጎን ዘረጋች።